ሐኪም ቢፈራስ?

ይህ ጽሑፍ የሚጀምረው ከራሳችን ጥፋት ነው።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ ከዚሁ ግቢ ተመርቆ የወጣ ሐኪም ወንድማችን ሊዘይረን መጥቶ ነበር። ዳቦና ሻይ አቅርበን ከበነው ተቀመጥን። የሕክምና ተማሪዎቻችን እንደ ልማዳቸው ስለ ዱቲና ስለ ስፔሻሊቲ ፈተና ሲያደርቁት ከቆዩ በኋላ አንዱ «ኮሮና የገባ ጊዜ የት ነበርክ?» አለው። «ዋግ ኽምራ» አለ። «ሰቆጣ ነበርኩ፤ አበርገሌም ወርጃለሁ።» ከዚያ ሳይጠየቅ ማውራት ጀመረ፤ እንቅልፍ እንዴት እንዳጣ፣ ሌሊት እየተነሣ ትኩሳቱን እንዴት ይለካ እንደነበር። ወሬው ገና ሳይሞቅ ከመካከላችን አንዱ በፍጹም ቅንነት «አብሽር አኺ፣ አልሐምዱሊላህ አለፈ፤ ሶብር ነው» አለው። ወንድማችን ፈገግ አለ። «ልክ ነህ» ብሎ ብርጭቆውን አነሣ። ስለዚያ ጊዜ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣውም።

ዒሻ ሰግደን ከሸኘነው በኋላ ነገሩ ከነከነን። ሳምንት ያህል ቆይተን ደወልንለትና ይቅርታ ጠየቅነው፤ የጀመረውን እንዲጨርስልንም ለመንነው። በሁለት ምሽት ስልክ ጨረሰልን። ስሙና ይሠራበት የነበረው ተቋም እንዳይነሣ አደራ ብሎናል፤ የቀረውን በዚህች ልሳናችን እንድናወጣው ግን ፈቅዷል።

አበርገሌን ብዙዎቻችን የምናውቃት በፍየሏ ነው። ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ተከዜ ለሚወርድ ሰው ብርዱ ከኋላ ይቀርና ሙቀቱ ይቀበለዋል። የወረዳዋ ከተማ ኒሯቅ ናት። ተከዜ ከተገደበ ወዲህ ያ አካባቢ ጀልባና ዓሣም ለምዷል፤ ወባው ግን የቆየ ያገሩ ነው። በዋግ ገጠር አማርኛ የማይቀናው ኽምጠኛ ተናጋሪ ብዙ ነው። ከበድ ያለ በሽታ የያዘው ሰው ዓይኑን የሚጥለው ሰቆጣ ባለው በተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ መኪናም መንገድም ሰላምም መገጣጠም አለባቸው።

በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ሲታወቅ ብዙዎቻችን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። ለኛ ኮሮና ማለት የትምህርት ቤት መዘጋት ነው። የመስጂድ መዘጋት፣ ተራዊሕን ከቤተሰብ ጋር ሳሎን መስገድ፣ ግንቦት 16 ቀንም ዒድን ያለ ዒድ ሜዳ ማሳለፍ ነው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቻችን ያን ረመዷን በናፍቆት እናስታውሰዋለን። በዚያው ረመዷን ወንድማችን ከሥራ ከገባ ዓመት ያልሞላው ሐኪም ነበር። ያኔ አዲስ ምሩቃን ሐኪሞች በዕጣ ይመደቡ ስለነበር ዋግን ያወጣለት ዕጣ ነው። የወሎ ልጅ በመሆኑ ቤተሰቦቹ «ለቤትህ ቀረብክ» ብለው ደስ ብሏቸው ነበር።

«መጀመሪያ የፈራሁት መሞትን አልነበረም» አለን። «አለማወቄን ነው። በሽታው አዲስ ነው፤ መጽሐፉ ገና አልተጻፈም። ሰው ሁሉ ‹ዶክተር፣ ምን እናድርግ?› ይለኛል፤ እኔ የማነበው ማታ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ፋይል ነው።»

ቆላው ላይ ደግሞ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ወባ ይሁን፣ የሳንባ ምች ይሁን፣ ኮሮና ይሁን በዓይን አይለይም። ናሙና ተወስዶ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል። ውጤቱ እስኪመጣ ባሉት ቀናት ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ ያያል፣ ከባልደረቦቹ ጋር ይበላል፣ ራሱን ይጠረጥራል። ጉሮሮው ከከረከረው አቧራው ነው ወይስ ጀመረኝ ይላል። ለቀን የታሰበ ማስክ ሳምንት ይለበሳል። ጋውን ሲያልቅ የዝናብ ልብስ የለበሱበት ቀን ነበር፤ በዚያ ሙቀት። «ሳወልቀው ላቡ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። የላቡ አልነበረም የሚያሳስበኝ፤ ሳወልቅ የቱ ጋ እንደነካሁት ነው።»

አንድ ነገር ሲነግረን ድምፁ ተለወጠ። አንዲት አሮጊት መጡ፤ የሚናገሩት ኽምጠኛ ብቻ ነው። በመሐላቸው አስተርጓሚ አለ፤ አስተርጓሚው ፈርቶ ከበሩ ላይ ቆሟል። ሐኪሙ ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። አሮጊቷ አንድ ነገር አሉ፤ አስተርጓሚው ዝም አለ። «ምን አሉ?» ሲለው እያፈረ ተረጎመ፤ «ይህ ልጅ የተቆጣኝ ምን አድርጌው ነው?» ነበር ያሉት። ወንድማችን ማስኩን አውርዶ ፊቱን ሊያሳያቸው እጁን አነሣ፤ መለሰው። «ያን ቀን ማታ አለቀስኩ» አለ። «በሳቸው ይሁን በራሴ አላውቅም።»

የተከራየበት ግቢ ባለቤት ቡና ባፈሉ ቁጥር «ልጄ» እያሉ የሚጠሩት ሴት ነበሩ። መጥራቱን ተዉት። ቀጥሎ የቧንቧ ውሃውን ለብቻው በጄሪካን ከበሩ ላይ ያስቀምጡለት ጀመር። በመጨረሻ ሌላ ቤት እንዲፈልግ በሰው ላኩበት። እኛ ስንሰማ ተናደድን፤ እሱ አልተናደደም። ከቤታቸው አስም ያለባቸው አረጋዊ አባታቸው ተኝተው ነበር። «እኔም እሳቸውን ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር» አለ። የሚያመው ይህ ነው ብለን እናስባለን፤ የሚወቅሱት ሰው ሲኖር ቁጣው መውጫ ያገኛል፤ እዚህ ጋ የሚወቀስ ሰው አልነበረም። ለዒድ ቤቱ ሲሄድም እናቱን ከግቢው በር ላይ ሆኖ ሰላም ብሎ የእህል ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው ያደረው። እናቱ ሌሊቱን ሙሉ በራፉ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩት አደሩ፤ እሱ ግን የሳቸውን ትንፋሽ ያዳምጥ ነበር።

እጁ በሳሙናና በአልኮል ተሰነጣጥቆ ውዱእ ሲያደርግ ያቃጥለው ነበር። በሱጁድ ትንፋሹን ሲቆጥር ራሱን ያገኘዋል። ሶላት ላይ ኹሹዕ ሲያጣ ደግሞ በፍርሃቱ ላይ ሌላ ፍርሃት ተጨመረ፤ አላህ ፊት የጎደለ መሰለው። «ለማን ነገርክ?» አልነው። ለአንድ የሚያከብረው ሰው ደውሎ ነበር። «ኢማንህን አድስ» የሚል መልስ አገኘ። ክርስቲያን የሆነች ነርስ ባልደረባው ከሷ ወገን ያገኘችው መልስም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገሩም፤ ለስድስት ዓመት ያህል።

እኛም ሻይ ይዘን ተቀምጠን ያንኑ መልስ ሰጠነው።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከጀማዓችን አንድ ወንድም አጥብቆ ተቃውሞናል። ቀደርን የሚያምን ሰው ከበሽታ አይፈራም፤ ተወኩል ካለ ጭንቀት የለም የሚል ነው ሐሳቡ። ወንድማችንን እናከብረዋለን፤ ነገር ግን የሶሐቦችን ታሪክ እንዲያስታውስ እንጠይቀዋለን። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ አካባቢ ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዝ ሰርግ ከተባለ ቦታ ደርሶ ጦዑን መግባቱን ሰማ። የሙእሚኖቹ መሪ ምን አደረገ? ሙሃጂሮችን ሰብስቦ አማከረ፤ አልተስማሙም። አንሷሮችን አማከረ፤ አልተስማሙም። የቁረይሽ አዛውንቶችን ጠርቶ ጠየቀ፤ እነሱ ተመለስ አሉት፤ ለመመለስም ወሰነ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሄደው አለው፤ አንዱ ዳገቱ ለምለም ሌላው ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመል የሚያሰማራን እረኛ ምሳሌ አድርጎ። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም እንዳይወጣ የሚያዘውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ያመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዑመር ያደረገው ጥንቃቄ ለኢማኑ ጉድለት ሆኖ አልተቆጠረበትም።

የአቡ ዑበይዳ ታሪክ ደግሞ ከኛ ሐኪም ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። ዑመር ሊያድነው ፈልጎ ለጉዳይ እንደሚፈልገው አስመስሎ ና ብሎ ጻፈለት። አቡ ዑበይዳ ነገሩ ገባው፤ ወታደሮቼን ትቼ አልመጣም ብሎ መለሰ። ዑመር ደብዳቤውን ሲያነብ አለቀሰ፤ በዙሪያው የነበሩት አቡ ዑበይዳ ሞተ እንዴ ብለው ጠየቁ። በዚያው በዐምዋስ ወረርሽኝ አቡ ዑበይዳ ሞተ፤ ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም ተከተለ። ቀጥሎ ኃላፊነቱን የያዘው ዐምር ኢብኑል ዓስ ሕዝቡን ወደ ተራሮች በተነው። አንዱ በቦታው ጸና፣ ሌላው ሕዝቡን አሸሸ፣ ሌላው በሩቅ ሆኖ አለቀሰ። ሦስቱም ሶሐቦች ናቸው። ከዚህ ታሪክ ለሐኪሙ «አትፍራ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ካወጣን ታሪኩን በግማሽ አንብበነዋል።

በዘመናችንም አለ። የሴራሊዮኑ ሐኪም ሸይኽ ዑመር ኻን ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኬኔማ ሆስፒታልን የላሳ ትኩሳት ክፍል ይመራ የነበረ ሰው ነው። ቦታው የተለቀቀለት ከሱ በፊት የነበረው ሐኪም በዚያው በላሳ ስለሞተ ነው። በ2014 ኢቦላ ሲገባ ለጋዜጠኞች ለሕይወቱ እንደሚፈራ በግልጽ ተናገረ፤ ሕይወቱን ይወዳታልና። በቢሮው ውስጥ ትልቅ መስታወት ነበረው፤ ወደ በሽተኞቹ ከመግባቱ በፊት የተጋለጠ ሰውነት እንዳለው የሚመረምርበት፤ ፖሊሴ ይለው ነበር። ጁላይ 29 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) በኢቦላ ሞተ። ፍርሃቱን የተናገረው ሰውና ሥራውን ያልተወው ሰው አንድ ሰው ነው። እንግሊዝ ውስጥ በኮሮና መጀመሪያ ከሞቱት ሐኪሞች መካከልም ሐቢብ ዘይዲ፣ ዓዲል አጥጠያር፣ አምጀድ አልሐውራኒና አልፋ ሰዓዱ ነበሩ፤ ከፓኪስታን፣ ከሱዳንና ከናይጄሪያ ቤተሰብ የተገኙ ሙስሊሞች። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ በዓለም ዙሪያ ከ80,000 እስከ 180,000 የጤና ባለሙያዎች በኮሮና ሳይሞቱ እንዳልቀረ ገምቷል። ይህን ያየ ሐኪም ባይፈራ ነው የሚገርመን።

ፍርሃት በራሱ ሰውነታችን የሚደውለው ደወል ነው። ልብ ይመታል፣ ዓይን ይነቃል፣ እጅ ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ ጥሩ ነው። ችግሩ ደወሉ ሳይዘጋ ወራት ሲቆይ ነው። እንቅልፍ ይሄዳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው መጠን ይሳሳታል፣ ስም ይረሳል፣ በሽተኛ ላይ ይጮኻል። ስለዚህ የሐኪሙ ጭንቀት የሐኪሙ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ነገ በዚያ አልጋ ላይ የምትተኛው የኛ እናት ናት። ቶሮንቶ ውስጥ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሳርስ ከገባ በኋላ ባለሙያዎቹን ከዓመት በላይ ቆይተው ያጠኗቸው ተመራማሪዎች፣ በሽታው ካለፈም በኋላ ድካሙና መሰላቸቱ እንዳልለቀቃቸው አይተዋል። በቂ ሥልጠናና ድጋፍ አግኝተናል ብለው ያመኑት ግን ይሻሉ ነበር። በኛም ሀገር በኮሮና ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሡት የመከላከያ ቁሳቁስ እጥረትንና ለቤተሰብ አስተላልፋለሁ የሚለውን ፍርሃት ነው። ጓንት ማቅረብ ራሱ የአእምሮ ሕክምና ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እዚህ ላይ «ጀግና» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር እንበል። በ2012 ሐኪሞቻችን በየቴሌቪዥኑ ጀግኖች ተባሉ፤ እኛም በዳዕዋ ፕሮግራሞቻችን በጦዑን የሞተ ሸሂድ መሆኑን እየጠቀስን አሞገስናቸው። ሐዲሱ ሐቅ ነው። ነገር ግን ጀግና የተባለ ሰው ደከመኝ ለማለት ያፍራል፤ ሸሂድነቱ የተነገረለት ሰው ጓንት አለቀ ለማለት ይከብደዋል። ውዳሴው የዱቲ ክፍያውን አልተካለትም፤ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበትን የደመወዝ ጥያቄ ያየን ሰዎች ይህን እናውቃለን። ክትባቱስ? ከመጀመሪያው ታማሚ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያዎች ነበር። ወንድማችን የሚያስታውሰው እፎይታ ይህ ብቻ ነው።

ብቻ ዋግ ላይ እፎይታው አልቆየም። ጥቅምት 2013 የጀመረው ጦርነት በቀጣዩ ክረምት ዋግን አዳረሰ። ከአበርገሌ የተነሣው ሕዝብ ሰቆጣና ወለህ ድረስ ተፈናቀለ፤ በአማራ ክልል በመቶ የሚቆጠሩ ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ርቀት ጠብቁ ሲባል የነበረ ሕዝብ በአንድ ድንኳን ውስጥ ታጉሮ አደረ። እከክ፣ ተቅማጥና ወባ እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳሉ፤ በ2008ቱ ድርቅም እከክ በክልሉ ምን ያህል እንደተዛመተ የዋግ ሰው አይረሳውም። ሐኪሙ ራሱ ተፈናቃይ ሆኖ ተፈናቃይ ሲያክም ፍርሃቱን የቱ ወረርሽኝ ላይ እንደሚያሳርፈው አያውቅም። ወንድማችን ስለዚህኛው ጊዜ ብዙ አልነገረንም፤ እኛም አልገፋነውም።

አሁን ይህን የምንጽፈው ያለፈ ነገር ለመቆስቆስ አይደለም። በ2024 (እ.ኤ.አ.) እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ብቻ በሀገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል። ኅዳር 5 ቀን 2018 ደግሞ ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መግባቱ ተረጋገጠ፤ ከተያዙት ውስጥ የጤና ባለሙያዎች ነበሩበት። ዜናው በመጣ ሳምንት ከዶርማችን አንድ ኢንተርን ሌሊት ቁጭ ብሎ ሲያድር ያየነው አለን። ምን ሆንክ ስንለው «ፈተና አለብኝ» አለን፤ ፈተና እንዳልነበረው እናውቃለን። በዚህ ዓመት ከጀማዓችን የሚመረቁ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች አሉ። ከነሱ አንዱ ኒሯቅ፣ አንዱ ጂንካ፣ አንዷ ጋምቤላ ልትደርስ ትችላለች።

ስለዚህ የጀማዓችንን አመራር የምንጠይቀው አለን። የሶብርን ትርጉም ኡስታዞቻችን በደንብ ያስተምሩን፤ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በዩሱፍ ኀዘን ዓይኑ እስኪነጣ ያለቀሰ ነቢይ ነው፤ ሶብሩ ግን ያማረ እንደነበር ከቁርኣን እናውቃለን። ለቅሶና ሶብር በአንድ ሰው ውስጥ ከኖሩ እኛ ለምን እናጣላቸዋለን? የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንደ ጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይታይ፤ ከግቢው ካውንስሊንግ ቢሮ የወጣ ልጅ ላይ የሚንሾካሾክ ካለ እንገሥጸው። ለሥራ የሚወጡ ምሩቃኖቻችን ሲሸኙ ከምስክር ወረቀቱና ከፎቶው በተጨማሪ ሁለት የሚደውልላቸው ሰው በስም ይመደብላቸው፤ በወር አንድ ጊዜ፣ ዓመት ሙሉ። የሚደውለው ሰው መካሪ አይሁን። ይስማ። ዱዓውን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ማድረግ ይችላል። ሕክምና የማናጠና ተማሪዎችም ድርሻ አለን፤ ነገ የቤት ባለቤት፣ የጤና ጽሕፈት ቤት የሒሳብ ሠራተኛ፣ የመድኃኒት ግዢ ኮሚቴ አባል የምንሆነው እኛ ነን። የዚያ ሐኪም ማስክ በሰዓቱ መድረሱ ያኔ በኛ ፊርማ ይሆናል፤ አማና ነው።

ወንድማችንን እንደገና ጋብዘነዋል። በዚህ ጊዜ ሻዩን ቀንሰን ጊዜውን እናረዝማለን፤ እስኪጨርስም ማንም አያቋርጠውም፤ «አብሽር» ለማለት እንኳ። ኢንሻአላህ ከዒድ በኋላ እመጣለሁ ብሏል። አንድ ነገር ግን ጠየቀን፤ ያቺ ነርስ ባልደረባው ዛሬም ሰቆጣ ናት፤ በስልክም ቢሆን እሷም ትናገር፣ «ያለሷ የኔ ግማሽ ነው» አለ። ቁጥሯን ራሱ አስፈቅዶ ሰጠን። ሐሙስ ማታ መልእክት ልከንላታል፤ መልሷን እየጠበቅን ነው።